ጀሶው ይፈታ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ደጃፋችን ላይ አዳልጧቸው በእጃቸው ሲደገፉ የቀኝ አንጓቸው ተሰበረ። ራጅ ተነሥተው ጀሶ ታስሮላቸዋል፤ ዘመዶቻችን ግን «ይፈታና ወጌሻ ይሸው፤ ቅልጥምም ይጠጡ» እያሉ አስጨንቀውናል። ለመሆኑ እንዲህ ባለ ቀላል አወዳደቅ አጥንት ይሰበራል? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ ጀሶው አይፈታ። አጥንት ሲሰበር በዙሪያው ደም ይፈስና ይረጋል፤ በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል፤ እሱም ካልሲየም እየገባበት ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ ማሸትና መጎተት የተያያዘውን መልሶ ይለያየዋል። የአንጓ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ገደማ በጀሶ ይቆያል፤ የእጁ ጉልበት እስኪመለስ ግን ወራት ይወስዳል። ወጌሾች ወለምታ በማሸት ያላቸውን ልምድ አልንቅም፤ የሚያስፈራኝ ስብራትን በሸምበቆ አጥብቀው ሲያስሩ ደም ተቋርጦ እጅ እስከ መቆረጥ መድረሱ ነው። ጀሶም ቢሆን ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ጣቶቻቸው ቢደነዝዙ፣ ቢቀዘቅዙ ወይም ቢጠቁሩ፣ ሕመሙም በማስታገሻ አልመለስ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዷቸው። እስከዚያው እጃቸውን በትራስ ከፍ አድርገው ጣቶቻቸውን ደጋግመው ይጨብጡ፣ ይዘርጉ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። ሰው ከቆመበት ወድቆ ሲሰበር፣ በተለይ ያረጡ ሴቶች ሲሆኑ፣ አጥንቱ አስቀድሞ ሳስቶ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አጥንት ከልክ በላይ እንዳይሸረሸር ይጠብቃል፤ የወር አበባ ሲቋረጥ እሱ ስለሚቀንስ የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል፤ ይህም ያለ አንዳች ሕመም ለዓመታት ይቀጥላል። ከአንጓ ቀጥሎ የሚፈራው የዳሌ ስብራት ነው፤ እሱ ደግሞ አልጋ ላይ ያውላል። ስለዚህ ለቀጠሮ ሲሄዱ ስለ አጥንት መሳሳት ራሳችሁ አንሡ። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ወስደው ከሆነም ይናገሩ፤ አጥንት ያሳሳል። የአጥንትን ጥግግት የሚለካው ዴክሳ የሚባል መሣሪያ ባይገኝ እንኳ፣ ሐኪሙ ዕድሜያቸውንና የስብራቱን ሁኔታ አይቶ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።

ስለ ቅልጥሙ፦ መቅኔ አብዛኛው ስብ ነው፤ ቢጣፍጥም አጥንት አይጠግንም። በእርሳቸው ዕድሜ በቀን 1200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይይዛል። በጾም ወራት ጎመን፣ የጤፍ እንጀራና ሰሊጥ ያግዛሉ፤ ሽሮና ምስርም ለስብራቱ መጠገን የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ። ለቫይታሚን ዲ ክንዳቸውን ከነጠላው አውጥተው ፀሐይ ይሙቁ።

ሐኪሙ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠውን አሌንድሮኔት የተባለ መድኃኒት ካዘዘላቸው፣ ክኒኑ የሚዋጠው ማለዳ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው። ከዋጡ በኋላ ለግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም ክልክል ነው፤ ጉሮሮን ያቆስላል፣ መድኃኒቱም ወደ ሰውነት አይገባም። ቡናውም እስከዚያ ይቆያቸው።