«ዶልዱሟል» ብለን የጣልነው ፑንታ

ልጆቼ፣

ማሽን ላይ ታስሮ በሚዞር ፑንታ ቅል መቅረጽ ገና የጀመረች አንዲት ልጅ ሰሞኑን ጠየቀችኝ፦ «የአልማዝ ፑንታዬ ገና በሦስተኛው ቅል ዶለዶመብኝ። ቀጥሎ የትኛውን ልግዛ?» መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል፤ አልዶለዶመም፣ በብናኝ ተደፍኗል። ጥያቄዋ ግን ከ30 ዓመት በፊት ከቆሻሻ ጋር የተጣለ አንድ ጣሳ አስታወሰኝና ደብዳቤው ረዘመ።

ጣሳው ውስጥ 11 ፑንታዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደቃቅ አልማዝ። መጨረሻ የገባው እንደ ሻማ ነበልባል ጫፉ የሾለው ነው። የእሱ ነገር የሌሎቹም ስለሆነ እሱን ልንገራችሁ። ቅሉ ወፍራም ነበር፤ ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሥራው በተሳሉት ቅጠሎች ዙሪያ ያለውን መደብ ዝቅ ማድረግ ነው። ላይኛውን ጠንካራ ንብርብር እስኪጨርስ ፑንታው ደረቅ ዱቄት እያወጣ ደህና ሄደ። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍል ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ያ ክፍል ለስላሳና ቃጫማ ነው። ቅሉ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥቂት እርጥበት ከያዘ ደግሞ ብናኙ አይበተንም፤ በአልማዝ ቅንጣቶቹ መካከል እየታጨቀ ይቀራል። በደቃቅ ፑንታ ላይ ቅንጣቶቹ ከብረቱ ወጣ የሚሉት እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ክፍተቱ ለመሙላት ጊዜ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ቅሉን የሚነካው አልማዝ ሳይሆን የቅሉ የራሱ ብናኝ ነው። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ አልማዝን ግን ጊዜ ሳይሰጠውም አፉን ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ እጅ መቆም ነበረበት። አልቆመም፤ ተጫነ። መጫኑ ሙቀት አመጣ፤ ሙቀቱም የታጨቀውን ብናኝ አጋግሮ ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል ቡናማ ቅርፊት አደረገው። ቀጥሎ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ15,000 ዙር ወደ 30,000 ከፍ ተደረገ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የተደፈነ ፑንታ ሲፈጥን የሚያቃጥለው ይብሳል እንጂ አይቆርጥም። የተቃጠለ ወረቀት ሽታ መጣ፤ መደቡ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥቁር ምልክት ቀረ። ያን ለማጥፋት እዚያው ቦታ ላይ ሲወረድ፣ ቀድሞውንም 3 ሚሊ ሜትር ተቀርፎ ስለነበር፣ ግድግዳው ተበሳ። የአራት ቀን ሥራ ነበር። ፑንታው ወደ ጣሳው ተወረወረ፣ ጣሳው ወደ ቆሻሻው።

ከወራት በኋላ ከጣሳው ወጥቶ፣ ተንከባሎ ከጠረጴዛው ሥር የቀረ አንድ ፑንታ ተገኘ። ማሽኑ ላይ ታስሮ፣ እየዞረ፣ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ ላይ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ተነካ። ቡናማው ሄደና ግራጫው ቅንጣት ብቅ አለ። ቅል ላይ ሲሞከር እንደ አዲስ ቆረጠ። ሌሎቹ 10 ምን እንደነበሩ ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ እዩ። 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ ይበቃል። የአልማዝ ፑንታ ላይ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ካያችሁ ድፍን ነው፣ ይጸዳል። ቅንጣቶቹ የተነቀሉባቸው ባዶ ጉድጓዶችና ልሙጥ ኒኬል (ቅንጣቶቹን ይዞ የነበረው ብረት) ካያችሁ ግን አልቆለታል፤ ምንም አይመልሰውም። ጥርስ ያለው ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ከሆነ ቅይጥ የተሠራ ፑንታ) ላይ ደግሞ የጥርሱን ስለት ወደ ብርሃን አዙሩት። ስል ጥርስ ብርሃን አይመልስም፤ ቀጭን ነጭ መስመር ከታያችሁ ዶልዱሟል።

አሁን ወደ ምርጫው። የዛሬ ወጣት ፑንታ በደርዘን ይገዛል፤ 30 ፍሬ በአንድ ሳጥን፣ ግማሹ ሳይነካ ይዝጋል። ስድስት በቂ ነው እላለሁ። መደብ ለማውረድ ጥርስ ያለው ካርባይድ ሲሊንደር፤ ወፍራም ቅል ላይ ብዙ ለማንሳት ባለ መርፌ ካርባይድ (ሻካራ ገጽ ይተዋል፣ ግን መርፌዎቹ የተራራቁ ስለሆኑ ቶሎ አይደፈንም)፤ የቅጠሉን ጠርዝ ከሥሩ ለመቦርቦር ጫፉ ሰፊ የሆነ ግልብጥ ሾጣጣ፤ ለመስመርና ለነጠብጣብ ኳስ፤ ለማለስለስ መካከለኛና ደቃቅ አልማዝ። ኳሱን ግን በ1፣ በ2 እና በ4 ሚሊ ሜትር ያዙ። ስምንት ሆነብኝ፤ ይሁን።

ልብ በሉ፣ አልማዝ አይቆርጥም፣ ይፈጫል። ለስላሳውን ክፍል መፍጨት ድፍን መጋበዝ ነው። ጥርስ ያለው ግን ቆርጦ ይጥላል። የጠያቂዬ ችግር መነሻው ይኸው ይመስለኛል፤ ማለስለሻውን ለማውረጃ ተጠቅማበታለች።

የፑንታው ዘንግ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 2.35 ወይም 3.17 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱ የራሱ ኮሌት (ማሽኑ ውስጥ ዘንጉን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) አለው፤ ቀጭኑን በሰፊው ኮሌት አጥብቆ ማሰር ፑንታውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የተንቀጠቀጠ ፑንታም ጠርዝ ይሸራርፋል። ዘንጉን እስከ ውስጥ ገፍታችሁ ጥቂት መልሱት። ብዙ ወጥቶ ከታሰረ በከፍተኛ ፍጥነት ይጎብጣል። ፍጥነቱ ጭንቅላቱን ይከተላል፦ 1 እና 2 ሚሊ ሜትር የሆነው 20,000 እና ከዚያ በላይ ይወዳል፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ከ15,000 በታች ይሻለዋል። አምራቹ የጻፈውን ጣሪያ አትለፉ።

ጥርስ ያለው ፑንታ ቅሉ ላይ እንደ መኪና ጎማ ተንከባሎ መሸሽ ይፈልጋል። ሊሄድ ከሚፈልግበት በተቃራኒ ንዱት፣ በቀላሉ፣ ደጋግማችሁ። መስመር ከቅጠል ወጥቶ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው፤ እጅ ስለተንቀጠቀጠ አይደለም።

ጽዳት። አልማዝ ሲሆን ማሽኑን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አድርጉና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ አስነኩት፤ አትጫኑ፣ ድንጋዩ ቅንጣቱንም ይበላል። የብርጭቆ ወረቀት የሚያጸዳው ክሬፕ ጎማ ለቀላል ድፍን ከድንጋይም ይሻላል። አንድ የማውቀው አሮጌ አናጢ ለዚህ የሚጠቀመው የድሮ ጫማ ሶል ነበር፤ ሶሉ ተፈጥሯዊ ክሬፕ ጎማ ስለነበር ግሩም ሠራ። የሽቦ ብሩሽ ግን ለአልማዝ አይሆንም።

ካርባይዱን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ በናስ ብሩሽ ጥርሱን ተከትላችሁ፣ በስፋቱ ሳይሆን በርዝመቱ፣ ፈትጉት። ወዲያው አድርቁት፤ ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ተራ ብረት ነው፣ ይዝጋል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከደረቀበት አሴቶን ያነሳዋል። አሴቶኑ ፈጽሞ ሳይተን ማሽኑ ላይ አትሰሩት፤ ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ብልጭታ ይሰጣል። በረኪና አታስጠጉት፦ የካርባይዱን ቅንጣቶች የሚያያይዘውን ኮባልት ይበላል።

እሳት ላይ ፑንታ አይጸዳም። የካርባይዱ ጭንቅላት ከዘንጉ ጋር የተያያዘው ብዙውን ጊዜ በብየዳ ነው፣ ከፍተኛ ሙቀት ሊያላቅቀው ይችላል። እርግጥ ባለ መርፌ ካርባይድ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ብናኙን በቀላል ነበልባል ማቃጠልን ይፈቅዳሉ፤ የእናንተ አምራች ከፈቀደ አልከራከርም። ብቻ ትኩሱን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ይሰነጠቃል።

መነጽርና ፀጉር ማሰርን አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። የብናኝ ጭንብሉን ግን ብዙዎቻችሁ ለፎቶ ስትሉ እንደምታወልቁት አያለሁ። ቅል ሲደርቅ ይሻግታል፤ የሻጋታው ዘር ከብናኙ ጋር ሳንባ ይገባል፣ በተለይ ውስጡን ስትፍቁ። ቢያንስ ኤን95 ይሁን። ቢሆንም ከእኛ የተሻላችሁበት ነገር አለ። እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ እኛ ጣሳ ሞልተን ጣልን።

አንቺ ጠያቂዬ፣ ያንን ፑንታ ነገ ጠዋት በሌንስ እዪው። ቡናማ ከሆነ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የቅል ቁራጭ ላይ ሙከራ፣ በ15,000፣ ሳትጫኚ። ነጭ ዱቄት ከወጣ ገንዘብሽን ለ4 ሚሊ ሜትር ካርባይድ ኳስ አቆዪው፤ ልሙጥ ኒኬል ካየሽ ግን ያኔ ጣዪው።