ከጉንጭ ተወስዶ የተተከለ የሽንት ቧንቧ ለምን መልሶ ይጠባል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ያ ጭንቀት ተመልሶ መጣብኝ። ከጉንጭህ ውስጥ ሽፋን ተወስዶ የጠበበው የሽንት ቧንቧህ ከተሠራ 14 ወር ሆኖህ ሽንትህ እንደገና ቀጠነ፤ «ከባድ ዕቃ ስላነሣሁ ይሆን? ቀዶ ጥገናው ከንቱ ቀረ ማለት ነው?» ብለሃል። በፍጹም ራስህን አትውቀስ።

እኔ የግንባታ ሠራተኛ ነበርኩ። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ አዳልጦኝ አግዳሚው እንጨት ላይ እግሬን አንፈራጥጬ ወደቅሁ። ቧንቧው ጠበበ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጊዜው በብረት ዘንግ እየተለጠጠልኝ ቆይቼ በመጨረሻ ከጉንጬ ተወስዶ ተተከለልኝ። ዳንኩ ብዬ ነበር። በ11ኛው ወር ግን ሌሊት ፖፖ ላይ ስሸና የለመድኩት ድምፅ ጠፋ። ሽንቴ ለሁለት እየተሰነጠቀ እግሬን ያረጥበኝ ጀመር።

ዶክተሩ ቀለም ተሰጥቶኝ የተነሣሁትን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶ እያመለከተ አሳየኝ። የተተከለው ቦታ ሰፊ ነው፣ ደህና ነው። ጫፉ ላይ፣ ከራሴ ቧንቧ ጋር የተሰፋበት ቦታ ግን በክር የታሰረ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እዚያ መጋጠሚያው ላይ ነው። ጠባሳው በዓይን ከሚታየው አልፎ ስለሚዘልቅ፣ ጤነኛ መስሎ የተሰፋው ሥጋ ቆይቶ ይኮማተራል።

ሌላው ምክንያት ደም ነው። ከጉንጭ የተወሰደው ሽፋን የራሱን የደም ሥር ይዞ አይመጣም። መጀመሪያ ሁለት ቀን ያህል ከሥሩ ካለው ሥጋ በሚመጥጠው ፈሳሽ ብቻ ይቆያል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ችግኝ አስበው፤ መሬቱ ጠባሳ ከሆነ ከየት ይጠጣል? የኔን መሬት ያበላሸው ያ ሁለት ዓመት ሙሉ በብረት ዘንግ መለጠጡ ነው፤ እያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ጠባሳ ጨምሮበታል። ሲጋራ፣ የስኳር በሽታ እና ኢንፌክሽንም ያባብሱታል። የብልትህ ጫፍ ቆዳ ነጣ ብሎ ከደረቀ ደግሞ ለሐኪሙ አሳየው፤ ላይከን ስክሌሮሰስ የሚባለው በሽታ ከቀዶ ጥገና በኋላም ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ ሳይታይ «እናስፋው» ካሉህ እሺ አትበል። መጀመሪያ የሽንት ፍጥነትህ ይለካ። ጤነኛ ወንድ በሰከንድ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ይሸናል፤ የኔ 6 ነበር። ከዚያ ራጁ ይነሣ። የጠበበው ቦታ አጭር ከሆነ ከውስጥ አንዴ ቆርጦ መክፈት ሊበቃ ይችላል፤ እኔ ከተከፈተልኝ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ረጅም ከሆነ ግን ከሌላኛው ጉንጭ ተወስዶ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ትኩሳት ከመጣብህ ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ።