ከማርሚታው በኩል ያለውን ቀለበት ተመልከት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው 88 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት የኋላ አሞርዛተር (ሞላ የለበሰ፣ ዘይት ያለበት ንዝረት ማብረጃ) ባለው 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል በጅማና በሰቃ ጨቆርሳ መካከል ይመላለሳል፤ በቡና ወቅት ከኋላው ግማሽ ኩንታል ይጭናል። ጉድጓድ ሲያገኝ ሞተሩ ከኋላ ይመታ ስለነበር ጋራዥ ወስዶ «አጠንክሩልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ኩርባ ላይ እብጠት ሲረግጥ ጅራቱ ይጣመማል፣ ኮብልስቶን ላይ እየዘለለ ወገቡን ያመዋል፣ ጭነት ሲኖር ደግሞ አሁንም ይመታል። «አሞርዛተሮቹን ልቀይር ወይስ ሞተሩን ልሽጠው?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትሽጠው፤ አሞርዛተርም ገና አትግዛ። «ጅራቱ ይጣመማል» የሚለው ላይ ስደርስ የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው፦ ያ የጋራዥ ሰው የግራውን አሞርዛተር ማጥበቂያ ቀለበት ብቻ አዙሮ ሸኝቶሃል። የቀኙን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ስለሚከልለው መፍቻ እንደ ልብ አያስገባም፣ ሞተሩ ገና ከጠፋ ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የሚመቸው ይዞራል፣ የማይመቸው ይተዋል፣ ሂሳብ ግን የሁለቱም ይከፈላል።

ተንበርክከህ ተመልከት። ከሞላው ግርጌ፣ በአንዳንዱ ከአናቱ፣ ባለ እርከን ቀለበት አለ፤ ብዙውን ጊዜ አምስት እርከን ነው። በየትኛው ላይ እንደተቀመጠ በግራም በቀኝም ቁጠር። ግራው አምስተኛ፣ ቀኙ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከሆነ ነገሩ ተገኘ። አንዱ ጎን የበለጠ ይገፋል፣ ሌላው ያንሳል፣ ጎማውን የያዘው ክንድ በመካከል ይጠመዘዛል።

እኩል ሆነው ካገኘሃቸው ሞላዎቹን አስተያያቸው። የሽቦው ውፍረትና የጥቅልሉ ብዛት ከተለያየ አንዱ ብቻ ተቀይሯል ማለት ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በነጠላ የሚሸጥ አሞርዛተር ገበያውን ሞልቶታል። ቀለሙ ሳይለቅ ዘይቱ ያልቃል። በጥቅልሉ መካከል የጎማ ቁራጭ ተሰንቅሮ ካየህ ደግሞ አውጥተህ ጣለው። የመኪና ጎማ ቆርጦ ሞላ ውስጥ መሰንቀር እንደ ጥገና ከተቆጠረ ቆይቷል፤ የተሰነቀረበት ጥቅልል ሥራ ያቆማል፣ የቀረው ያለ ድርሻው ይሸከማል፣ በመጨረሻ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ፦ ሞላውን ያለ መጭመቂያ መሣሪያ ከአሞርዛተሩ ላይ አትፍታ። በገመድ አስረው፣ በእግር ረግጠው የሚፈቱ አሉ። ሞላው ሰው ሳይቀመጥበትም ታምቆ ነው ያለው፤ ሲያመልጥ ክዳኑን ፊትህ ላይ ይወረውረዋል። ለምትሠራው ሥራ ደግሞ መፍታት ጨርሶ አያስፈልግም።

ማርሚታው ይቀዝቅዝ። ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁመህ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሣ፤ ያኔ ሞላው በጣም ስለሚላላ ቀለበቱ በቀላሉ ይዞራል። የደረቀውን ቀይ ጭቃ በብሩሽና በውኃ አንሣ፣ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መንጠቆ መፍቻ አዙር። በካቻቪቴና በመዶሻ አይደለም፤ የቀለበቱ ጥርስ ከተላጠ በኋላ የሚይዘው መፍቻ የለም። በማርሚታው በኩል መፍቻው ካልገባ የማርሚታውን ማሰሪያ ብሎን ፈትተህ ትንሽ ዞር አድርገው። ሁለቱንም ጎን ሁለተኛው እርከን ላይ አድርግና ወደ ልኬቱ እንሂድ።

ሜትር፣ እርሳስና አንድ ጓደኛ ይበቃሃል። ጎማው ተነሥቶ ሳለ ከጎማው ፐርኖ (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) መሐል ቀጥታ ወደ ላይ፣ ከመቀመጫው በታች ባለው ብረት ላይ ምልክት አድርገህ ርቀቱን ለካ። ቀጥሎ ሞተሩን ደልዳላ መሬት ላይ በሁለት ጎማው አቁመህ በራሱ ክብደት ለካ። በሦስተኛው አንተ ሄልሜትህን አድርገህ ተቀመጥ፣ እግርህን መርገጫው ላይ ሰቅለህ ጓደኛህ ከፊት ይደግፍህ፣ ያው ነጥብ ይለካ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ልኬት ጅራቱን አንድ ጊዜ ተጭነህ ቀስ ብለህ ልቀቀው፣ አንድ ጊዜ አንሥተህ ቀስ ብለህ ልቀቀው፤ የሁለቱን አማካይ ያዝ። ያረጀ ጎሚኒ (የአሞርዛተሩ ማሰሪያ ላይ ያለው ጎማ) ስለሚይዘው ቁጥሩ አንድ አይሆንም።

የኋላው ጉዞ፣ ማለትም ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚንቀሳቀስበት ርቀት፣ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ አንተ ስትቀመጥ ከመጀመሪያው ልኬት ከ25 እስከ 33 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ከሩብ እስከ ሲሶ መሆኑ ነው። በራሱ ክብደት ብቻ ከ5 እስከ 10 ይበቃዋል። ካነሰ ቀለበቱን አላላ፣ ከበዛ አጥብቅ፣ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጎን እኩል።

አሁን ሁሉም የሚሳሳትበት ላይ ደረስን። ቀለበት ማጥበቅ ሞላ አያጠነክርም። ይህን ስናገር ባለሙያ ነን የሚሉት ራሳቸው ይከራከሩኛል፤ ስለዚህ በቁጥር ላስቀምጠው። ሁለቱ ሞላዎች አንድ ላይ በ3 ኪሎ 1 ሚሊ ሜትር ያጥራሉ እንበል። ቀለበቱ 10 ሚሊ ሜትር አምቋቸዋል። ያ ማለት 30 ኪሎ እስኪያርፍባቸው ድረስ አይነቃነቁም። የሞተሩ የራሱ ክብደት ከኋላ 48 ኪሎ ያሳርፋል፦ 30ው ይቀነሳል፣ 18 ለ3 ሲካፈል 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። አንተ ስትቀመጥ ከክብደትህ 60 ኪሎው ወደ ኋላ ይመጣል፣ ድምሩ 108 ይሆናል፣ ዝቅታው 26። አሁን ቀለበቱን አጥብቀህ እመቃውን 15 አድርሰው። 45 ኪሎ ይቀነሳል፤ ሞተሩ ብቻውን 1፣ ከአንተ ጋር 21 ዝቅ ይላል። ልዩነቱን አየኸው? በፊትም የአንተ ክብደት የጨመረው 20 ሚሊ ሜትር ነበር፣ አሁንም 20 ነው። ሞላው ያው ሞላ ነው፤ የተነሣው መቀመጫህ ነው። የቡና ነጋዴ የተንጠልጣይ ሚዛን መርፌ 20 ኪሎ ላይ ቢታሰር 15 ኪሎ ስትሰቅል አይነቃነቅም፣ 30 ስትሰቅል ግን 30 ይላል፤ ማሰሩ የሚዛኑን ሞላ አልለወጠውም።

እመቃውን 20 ብታደርሰው 60 ኪሎ ካላረፈበት አይነቃነቅም። ሞተሩ 48 ብቻ ስለሆነ ብቻውን ምንም ዝቅ አይልም፤ አንተ ስትቀመጥም 16 ብቻ ነው። ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ቦታ ያጥረዋል፣ እብጠት ሲያልፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ጋ! ይላል፣ ኮብልስቶኑን ይዘለዋል። ወገብህን ያሳመመህ ይህ ነው። እስከ መጨረሻው 100 ሚሊ ሜትር ለመግፋትስ? በ10 እመቃ 330 ኪሎ ይፈልጋል፣ በ20 ደግሞ 360። አሥር በመቶ እንኳን አልሞላም። በጭነት መምታቱን ያላቆመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፍርዱን ከሁለቱ ቁጥሮች አንብብ። አንተ ተቀምጠህ 30 ያህል ሆኖ ሞተሩ ብቻውን ዜሮ ከሆነ ሞላው ላንተ ልል ነው፤ ጠንካራ ሞላ ነው የሚያስፈልግህ፣ ቀለበት አይደለም። አንተ ተቀምጠህ ልክ ሆኖ ሞተሩ ብቻውን 20 ካለፈ ሞላው ከክብደትህ በላይ ጠንካራ ነው፤ በ88 ኪሎህ ይህ ይገጥምሃል ብዬ አልጠብቅም።

የቡናው ጭነት ከጎማው ፐርኖ በስተኋላ ስለሚቀመጥ ከክብደቱ በላይ ኋላውን ይጫናል፣ ፊቱንም ያቀልላል። ስትጭን ሁለት እርከን ጨምር፣ ስታወርድ መልስ። ጭነቱ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ልክ ካለፈ ግን ምንም እርከን አያድንህም።

ጅራቱን ተጭነህ ስትለቀው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ካልቆመና ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ዘይቱ አልቋል፤ ዘንጉ ረጥቦ ታየዋለህ። ያኔ ጥንድ ግዛ፣ ነጠላ አይደለም። «በስቼ ዘይት እሞላልሃለሁ፣ እበይደዋለሁ» የሚልህን አትስማው፤ ጋዝ ያለበት አሞርዛተር ሲበሳ ወይም ሲበየድ ሊፈነዳ ይችላል። አሮጌውን ሞላ ወደ አዲሱ ላዛውር ካልክም ደግሜ እልሃለሁ፦ ያለ መጭመቂያ አትንካው።

የፊቱን ሹካ ለጊዜው ተወው። በእንዲህ ያለ ሞተር ብዙውን ጊዜ ማስተካከያ የለውም፤ ዘይት ካላፈሰሰና ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ከታሰሩ ይበቃል። የጎማ ነፋስ ግን ከልኬቱ በፊት ሙላ።

የኋላው ከፍታ ሲለወጥ የካቴናው ልልነትም ይለወጣል። ሞተሩን በጎን መቆሚያው አቁመህ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ መሐሉን በጣትህ አንሣው፤ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት፣ የአንተ ሞተር መጽሐፍ ሌላ ካላለ በቀር። ጨርሶ የተወጠረ ካቴና ጉድጓድ ላይ ኩሽኔታ ይበላል። ወደ ጅረን በሚወጣው ዳገት ደርሰህ ተመለስና ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቃቸው። ማታ ከግድግዳ ፊት ለፊት ቆመህ፣ ጭነቱን እንደጫንክ፣ ፋሮውን ዝቅ አድርገህ አስተካክል፤ ከሰቃ የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ እንዳይተኮስ።