«ጩኸታቸው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚፈነዳው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት እናት ነኝ። የአራት ዓመት ወንድ ልጅና የ14 ወር ሴት ልጅ አሉኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከወለድኩ ጀምሮ ድምፅ መቋቋም አቅቶኛል። ልጆቹ ሲጮሁ፣ ቴሌቪዥኑ ሲንጫጫ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ትንሿ ስትጠባ እንኳ ንክኪዋ ያንገሸግሸኛል፤ ወርውሬያት ልውጣ ልውጣ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ትልቁን ገፈተርኩት፤ ከዚያ አብረን አለቀስን። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ እህቴ ከምትወስደው ቫሊየም እያካፈለችኝ ሦስት ወር ሆነኝ። ባለቤቴ ሐኪም ጋ እንሂድ ይለኛል። እኔ ግን የአእምሮ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። አክስቴም አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ተመላልሳ ነው እንዲህ የሆነችው ይባላል። የነርቭ ቫይታሚን ገዝቻለሁ። እሱን ብወስድ ይሻለኛል? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ወደ ቫይታሚኑ እመጣለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥያቄ ግን እሱ አይደለም። አንደኛው «እንደ አክስቴ ላብድ ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አንድ ቀን ልጆቼን ብጎዳስ?» (አንቺ ስልሽ አትቀየሚኝ፤ በልጄ ዕድሜ ነሽ።)

ሳላይሽ በሽታሽ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። የጻፍሽው ግን እብደት አይመስልም። በደንብ የምናውቀውን፣ የሚታከመውን ጭንቀት ነው የሚመስለው። አእምሯችን በደህናው ጊዜ ብዙ ድምፅ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። እንቅልፍ ሲያጣና ሲጨነቅ ግን ማጣራቱን ያቆማል። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ዘበኛ ድመት ስታልፍም «ማነህ!» ብሎ ይጮህ የለ? አንቺ ደግሞ 14 ወር ሙሉ በወጉ አልተኛሽም። የንክኪውንም ነገር ብዙ እናቶች ይነግሩኛል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቀኑን ሙሉ ስትታቀፍ፣ ስትጎተት፣ ስትጠባ የዋለች ሴት ሰውነቷ «በቃኝ» ቢል ልጇን ጠላች ማለት አይደለም።

«ወርውሬያት ልውጣ» የሚለው ሐሳብም የጭንቀት ነው። መጥቶ ያስደነግጥሻል፣ አንቺም ታባርሪዋለሽ። እኔ የምፈራው ሐሳቡ ትክክል መስሎ መታየት ሲጀምር ነው። ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሲያዝሽ፣ ወይም መሞት እረፍት ሲመስልሽ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገ አይባልም። ከልጆቹ ጋር ብቻሽን አትሁኚ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ።

ትልቁን መገፍተርሽን ግን «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብዬ አላልፈውም። ልጁ ደንግጧል። ቁጭ ብለሽ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» በዪው። ሕክምናውም ከዚህ በላይ መቆየት እንደሌለበት ንገሪልኝ ለራስሽ።

አሁን ወደ ቫሊየሙ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ተናድጃለሁ። ሱስ ያስይዛል ብለሽ ሐኪም ፈራሽ። ከዚያ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ ያለ ሐኪም፣ ሱስ የሚያስይዘውን ራሱን ሦስት ወር ወሰድሽ! ቫሊየም ዲያዜፓም ነው። በየቀኑ ሲወሰድ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል። መጀመሪያ አንድ ፍሬ የሚያስተኛው ሰው ውሎ አድሮ አንዱ አይበቃውም። ሲቀርበት ጭንቀቱ ብሶ ይመጣል፤ እሱም «ያለ መድኃኒቱ መኖር አልችልም» ይላል። ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል። ወደ ጡት ወተትም ያልፋል፤ ትንሿ ከወትሮው ፈዛ ወይም እንቅልፍ አብዝታ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትቀሪ። እሱን ውጠሽ ሕፃን አጠገብሽ ማስተኛትማ ጭራሽ አይሆንም። ብትጫኚያትም አትነቂም። ከዛሬ ጀምሮ ለብቻዋ ትተኛ።

ግን ይህን አንብበሽ ዛሬ ማታ ኪኒኑን እንዳትጥዪው! ሦስት ወር የለመደ ሰውነት ድንገት ሲከለከል ከባድ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል። መጠኑ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፤ አቀናነሱንም ሐኪም ነው የሚወስነው። መጠኑን አትጨምሪ፣ በራስሽ አታቁሚ፣ መጠጥ አትቀላቅዪበት። በዚህ ሳምንት ታዪ። እህትሽም የራሷን መድኃኒት ለራሷ ትያዝ። ለእሷም ቢሆን ማን እንዳዘዘላትና እስከ መቼ እንደሆነ ብትጠይቅ ደስ ይለኛል።

ለረጅም ጊዜ የሚሰጡት የጭንቀት መድኃኒቶች ሌላ ናቸው፤ እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት። የሚያሰክሩ አይደሉም፣ «አምጡ አምጡ» አያሰኙም። ለምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሰርትራሊን ነው፤ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው። ሰው እንዲጠላቸው የሚያደርገው አጀማመራቸው ነው። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም የበለጠ መቁነጥነጥ አለ። ጥቅማቸው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ታካሚ በአምስተኛው ቀን «አልተስማማኝም» ብሎ ይጥላቸዋል። ሲሻልም ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላሉ። ድንገት ከቆሙ ማዞርና መበሳጨት ስለሚኖር እነሱም ቀስ ተብለው ነው የሚቆሙት። ሰው ይህን አይቶ ሱስ ነው ይላል። የደም ግፊት መድኃኒትም እኮ ድንገት አይቆምም፤ ሱሰኛ የሚለው የለም።

አክስትሽን አላውቃቸውም። ግን አማኑኤል ሄደው ታመሙ ወይስ ታመው ሄዱ? ሰፈር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይወዳል።

ለመጀመሪያ ቀን አማኑኤል መሄድም ግዴታ አይደለም። ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉልሻል። እንቅልፍሽን፣ ምግብሽን፣ ግፊትሽን ያያሉ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ (አንገት ላይ ያለው) ሆርሞን ምርመራ ጠይቂ። ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት ይህ ዕጢ በአንዳንድ እናቶች ላይ ይቃወሳል፤ የልብ ምቱንና የእጅ መንቀጥቀጡን እሱም ያመጣዋል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ጫጫታ፣ ደማቅ መብራት ወይም የልብስ ስፌት የሚያስመርርሽ ሰው ከነበርሽ እሱንም ንገሪ፤ አያያዙ ትንሽ ይለያል። «ራስሽን ወይም ልጆችሽን የመጉዳት ሐሳብ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁሻል። እውነቱን ተናገሪ። ሐሳብ ስለመጣብሽ ብቻ ልጆችሽን የሚወስድብሽ የለም። መድኃኒት ሳይጀመር የንግግር ሕክምናም አለ፤ ካገኘሽው አትለፊው። ጸበል ከተጠመቅሽም ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም።

እስከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ጫጫታ ቀንሺ። ማንም የማያየውን ቴሌቪዥን አጥፊ። ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ግዢ፤ ጩኸቱን ይቀንሳል እንጂ ልጅሽ ስታለቅስ መስማትሽ አይቀርም። ሊፈነዳብሽ ሲል ምድጃውን አጥፊ፣ ትንሿን አልጋዋ ላይ አስተኝተሽ ሁለት ደቂቃ ሌላ ክፍል ግቢ። ብታለቅስ ሁለት ደቂቃ አይጎዳትም። (በረንዳ አልልሽም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ትልቁ ተከትሎሽ ይወጣል።) ቡናውን አቦሉ ላይ አቁሚ፤ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይቅር። ለባለቤትሽ ደግሞ «ሐኪም ጋ ሂጂ» ማለቱ ጥሩ እንደሆነ፣ ግን በሳምንት ሦስት ሌሊት ልጅቷን እሱ ቢይዛት ደግሞ የበለጠ እንደሚጠቅም ንገሪልኝ። ለቀጠሮውም አብሮሽ ይሂድ፣ የቫሊየሙን ማሸጊያ ይዛችሁ።

ቫይታሚኑን ከገዛሽው ውሰጂው፤ በታዘዘው መጠን ለአጭር ጊዜ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ሌላ ግን አትግዢ።