ስራመድ ባቴን ጨምድዶ የሚይዘኝ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 61 ዓመቴ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ሲጋራም ለብዙ ዓመት አጭሻለሁ። ከቤቴ ወደ ታክሲ ተራ ስሄድ መንገድ አጋማሽ ላይ ቀኝ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ትንሽ ቆም ስል ይለቀኛል። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ይለኛል። ኤምአርአይ ልነሳ?

መልስ፦ ለኤምአርአይ አይቸኩሉ። ከጻፉልኝ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ቆም ስል ይለቀኛል» ያሉት ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ብዙ ደም ይፈልጋል። ደም የሚያመጣለት ቧንቧ ከጠበበ አይበቃውም፤ ያማል። ስንቆም ፍላጎቱ ስለሚቀንስ በደቂቃዎች ውስጥ ይተወናል። ስኳርና ሲጋራ ደግሞ የደም ቧንቧ ቀንደኛ ጠላቶች ናቸው። ስለዚህ እኔ ብርዱን ሳይሆን ቧንቧውን ነው የምጠረጥረው። ብርድ ነው ብለው እግርዎን በሙቅ ውሃ እንዳይዘፈዝፉ አደራ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ሳይታወቅዎት ሊቃጠሉ ይችላሉ።

የወገብ አከርካሪ ጠቦ ነርቭ ሲጫንም ሰው ሲራመድ እግሩን ያመዋል። ያኔ ግን ቆሞ ማረፍ ብዙም አይረዳም፤ የሚያሳርፈው ቁጭ ማለት ወይም ጎንበስ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዳገቱን ጎንበስ ብሎ ይወጣውና ቁልቁለቱ ላይ ይቸገራል። የደም ቧንቧው የጠበበበት ግን ዳገት ላይ ቶሎ ይያዛል። እርስዎ የትኛው እንደሚብስብዎት አስተውለው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሌሊት የእግርዎን መዳፍ የሚያቃጥልዎት ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ነርቭ ነክቶ ይሆናል። የቧንቧ መጥበብና የነርቭ መጎዳት አብረው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው።

ምርመራው ካልሲ ከማውለቅ ይጀምራል። ሐኪሙ በእግርዎ ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በስተኋላ የደም ትርታ በጣቱ ይፈልጋል፤ ሁለቱን እግሮች ያነጻጽራል። ከዚያ የቁርጭምጭሚትዎ የደም ግፊት ተለክቶ ለክንድዎ የደም ግፊት ይካፈላል። ውጤቱ 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቧንቧ ግን ስለሚደድር ቁጥሩ ያለልክ ከፍ ብሎ ሊያታልል ይችላል። ትርታው ደካማ ሆኖ ሳለ «ቁጥሩ ደህና ነው» ከተባሉ፣ ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ) ያስፈልገኝ እንደሆን ብለው ይጠይቁ።

ተኝተው ሳሉ ጣቶችዎን ካመመዎት ወይም የማይድን ቁስል ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። እግርዎ በድንገት ከቀዘቀዘና ከገረጣ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።