እየቀረጹ መጸለይ ይቻላል?

ባለፈው ወር ጀማሪ የቪዲዮ ባለሙያዎችን ሳሠለጥን አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ስለ ሌንስ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ እየቀረጹ መጸለይ ይቻላል?» አለችኝ። «ባትሪ ሲያልቅብሽ ታይዋለሽ» ብዬ አለፍኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይህን ለሷና ለናንተ ለጀማሪዎቹ ሁሉ እጽፋለሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። ጊዜው 1989 ዓ.ም.፣ የገና ሰሞን። 28 ዓመቴ ነው። ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ በካሴት የሚቀርጽ የቪኤችኤስ ካሜራ አለኝ፤ ዕዳው ገና አልተከፈለም። ውጭ አገር የሚኖር አንድ ሰው የላሊበላን ገና ቅረጽልኝ ብሎ ላከኝ። በደሴ፣ በወልድያ፣ በጋሸና አድርገን በሁለተኛው ቀን ማታ ደረስን። እምነት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ያደግኩት በደርግ ዘመን ነው፤ ቤታችን ውስጥ ስለ እግዚአብሔር የሚወራው በሹክሹክታ ነበር። እኔ ሳድግ ሹክሹክታውም ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን የምገባው ሙሽራ ተከትዬ ብቻ ነበር።

የዋዜማው ዕለት አመሻሽ ላይ ቤተ ማርያም በር አጠገብ ቦታ ይዤ ቆምኩ። አንዲት እናት መጡ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ተረከዛቸው እንደ ደረቅ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ ነጠላቸው ከአቧራው ብዛት ቡናማ ሆኗል። አራት ቀን በእግራቸው እንደመጡ የነገሩኝ በኋላ ነው። መድረኩ ላይ ተደፉና ድንጋዩን ሳሙት። ግንባራቸውን አስነክተው ቆዩ፣ ቆዩ። እንዲህ ዓይነት ምስል በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ደስ ብሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ቀና ሲሉ በካሜራው መመልከቻ ውስጥ ያለችውን ቀይ መብራት ፈለግኳት። የለችም። ለካስ ቁልፉን አልተጫንኩትም።

በችኮላ ተጫንኩትና «እናቴ፣ አልተቀረጸም፤ አንዴ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ለሙሽራ እንደምለው። ኬኩን እንደገና ቁረጡ፣ ቀለበቱን እንደገና አድርጊለት እንደምለው።

አዩኝ። አልተቆጡም። «የፊተኛው የኔ ነው፤ ይኼኛው ላንተ ይሁን ልጄ» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው እንደገና ወረዱ።

ያኔ የገባኝ ነገር የለም። ጥሩ ምስል አገኘሁ ብዬ ሄድኩ።

ሌሊት ማኅሌት ተጀመረ። ደጁ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ነው። ውስጡ ደግሞ ሰው በሰው ላይ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ትንፋሽ። በረዶ የሆነውን ካሜራ ይዤ ወደዚያ ሙቀት ስገባ ጤዛ ያዘው። ያኔ ጤዛ ከገባበት ራሱን ይቆልፋል፤ እስኪደርቅ ድረስ ብትለምነውም አይሰማህም። እናንተ ይህን አታውቁትም፤ የናንተ ካሜራ ካሴትም የለው፣ የሚቆለፍ ነገርም የለው። እኔ እንደ እብድ አዝራሩን እየደጋገምኩ እጫናለሁ።

አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። እኚያው እናት ናቸው። «አስቀምጠው» አሉኝና የሚነድ ጧፍ አስያዙኝ። ሥራ የፈታ ሰው መስዬ ጧፍ ይዤ ቆምኩ። ሰሙ አውራ ጣቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ ያቃጥላል፣ ወዲያው ይደርቃል። ከበሮውንና ጽናጽሉን በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የድምፁን መጠን የምቆጣጠርበት ነገር የለም። ሆዴ ውስጥ ገብቶ ይመታል።

«የክርስትና ስምህ ማነው? በጸሎቴ እንዳስብህ» አሉኝ በጆሮዬ።

አላውቀውም። አላውቀውም ማለት አፈርኩ። ያለነው ቤተ ማርያም ነውና «ወልደ ማርያም» አልኳቸው። ዋሸኋቸው። እስኪነጋ ድረስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ «ወልደ ማርያም» የምትለዋ ትሰማኝ ነበር።

ሲነጋ ካሜራው ዳነ። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ከታችም ግቢው ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ በሙሉ ቀረጽኩ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ፤» የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። ግዕዝ አላውቅም፤ ትርጉሙን የነገረኝ አጠገቤ የቆመ ዲያቆን ነው። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በቀኜ ጥቁርና ነጭ በሆነችው መመልከቻ እያየሁ፣ «ሁሉ» የሚለው ቃል ላይ ተያዝኩ። ሁሉ ሲባል ዋሾውንም ይጨምራል? ምስሉ መንቀጥቀጡን ያየሁት አዲስ አበባ ገብቼ ነው። አሠሪዬ ያን ቦታ ቁረጠው አለኝ። ቆረጥኩት።

እናቴን የክርስትና ስሜን ጠየቅኳት። «ኃይለ ጊዮርጊስ ነህ» አለችኝ። ከዚያ የንስሐ አባት ፈልጌ ሄድኩ። መቼም ሰው ንስሐ የሚገባው በትልልቅ ነገር ነው፤ እኔ የጀመርኩት በስም ነው። ያ ሁሉ ሌሊት የተጸለየው ለሌላ ሰው ሆኖ ቀረ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቄሱ ሳቁብኝ። «ሰማይ ቤት ፖስታ ቤት መሰለህ እንዴ?» አሉኝ። ማመን የጀመርኩት ያን ቀን ነው ብል ውሸት ይሆናል። በሰው ጸሎት መቀለዴን ግን ያን ቀን አቆምኩ። (እስካለፈው ወር ድረስ ማለት ነው።)

ጸጸቴ ግን ውሸቱ አይደለም። ስሜን ጠየቁኝ፤ እኔ ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። ከየት እንደመጡ እንኳ በቅጡ አልሰማሁም። ከዚያም ጥር ገባ፣ ሠርግ በሠርግ ሆነ፣ ካሴት ተወደደ። የላሊበላውን ካሴት ከመደርደሪያ አወረድኩና ሠርግ ቀረጽኩበት።

ስለ ትኩረት፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ዋጋ አልመክራችሁም፤ ከኔ ይልቅ ስልካችሁ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ጸበል ቦታ የሚያለቅስ ሰው አፍ ላይ ማይክ ትደቅናላችሁ። ቅዳሴ መሀል ስልካችሁን አቁማችሁ «ላይክ፣ ሼር» ትላላችሁ። ለእግዚአብሔር የተንበረከከውን ሰው እንደ ተዋናይ «ድገምልኝ» ትሉታላችሁ። ከማን እንደተማራችሁት ይገባኛል። እኔ ብሆን መቅደስ ውስጥ ካሜራ ጭራሽ ባይገባ ደስ ይለኛል።

ይህን ካልኩ በኋላ እናቴ ትዝ ትለኛለች። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከአልጋ አልወረደችም። ቅዳሴ የምትከታተለው በስልክ ነበር፤ ከትራሷ አጠገብ የማቆምላት እኔ ነኝ። ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» ሲል መነሣት ስለማትችል ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ ታወጣለች። አንድ ልጅ፣ ምናልባትም ከናንተ አንዱ፣ እዚያ ቆሞ ባይቀርጽላት ኖሮ ያ እጅ ለማን ይወጣ ነበር? ስለዚህ ከላይ የተናገርኩትን ግማሹን ውሰዱት።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባልና ሚስት የሠርጋቸውን ካሴት ወደ ፍላሽ ቀይርልን ብለው መጡ። ያኔ የቀረጽኩላቸው እኔው ነኝ። ሰውየው ሸብቷል፣ እሷ መነጽር አድርጋለች። አብረን ተቀምጠን አየን። ጭፈራው አለቀ፣ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገቡ፣ ምስሉ ተዥጎረጎረ። ላጠፋው እጄን ሰድጄ ሳለ የድሮው ቅጂ ትራፊ ብቅ አለ። ድንጋይ። የተሰነጠቀ ተረከዝ። የኔ ድምፅ፣ ቀጭን የጎረምሳ ድምፅ፣ «አንዴ ይድገሙልኝ» ይላል። ነጠላ ጎንበስ ይላል። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ጭልም።

ሴትየዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። «እኚህ እናት ማን ናቸው? በሱ በኩል ናቸው?»

«በኔ በኩል አይደሉም» አለ ባልየው።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«በኔ በኩል ናቸው» አልኳቸው።