ድመቴን እየጣላት ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አምድህን ሁሌ አነባለሁ፤ ስጽፍልህ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሻሼ የምትባል 3 ዓመት የሆናት ድመት አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሌሊት የሆነ ነገር ቁም ሣጥኑን ሲደበድብ ሰምቼ ተነሳሁ። ሻሼ በጎኗ ወድቃ በአራት እግሯ ትፈራገጣለች፣ አፏ አረፋ በአረፋ ሆኗል፣ ሽንቷም አምልጧታል። ዓይኗ ተከፍቷል ግን አታየኝም። ምላሷን እንዳትውጥ ብዬ ጣቴን አፏ ውስጥ ስከት ነከሰችኝ። ሲለቃት ተነስታ ግድግዳ እየገጨች ቤቱን ዞረችው፣ ከዚያ ምግቧን እንደ ጉድ በላች። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ደገማት። የሚጥል በሽታ ድመትም ይይዛል እንዴ? ሥራ ስውል ብቻዋን ስለሆነች ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።
የሻሼ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ጣትሽ እንዴት ነው? ቀልዴን አይደለም። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ቶሎ ይዘጋል፣ ጀርሙ ግን ውስጥ ይቀራል። ካበጠ ወይም ከቀላ ሐኪም ይየው። ሻሼ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰደች ደግሞ ንክሻውን ዛሬውኑ ለጤና ባለሙያ ንገሪ። ድመት ምላሷን አትውጥም። ስለዚህ ጣትም ሆነ ማንኪያ አፏ ውስጥ አይገባም፣ በቃ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አዎ፣ ድመትንም ይይዛል። ግን ስሙን ለመስጠት አንቸኩል። የጣለው ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም፣ ያተኮሰው ሁሉ ወባ እንዳልሆነው። የስኳር ማነስ ይጥላል፣ የጉበትና የኩላሊት ችግር ይጥላል፣ የደም ግፊት ይጥላል፣ መርዝ ይጥላል። እኔ እንዲህ ያለች ድመት ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰሞኑን የቁንጫ መድኃኒት ተቀብታለች? ለውሻ የሚሠራው መድኃኒት ውስጥ ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር አለ። ውሻ ይችለዋል። የድመት ጉበት ግን ሰባብሮ ማስወገድ ስለማይችል በሰዓታት ውስጥ መላ አካሏ መንዘፍዘፍ ይጀምራል፣ ካልታከመችም ትሞታለች። «ትንሽ ጠብታ ምን አላት» ብለው ከውሻው ያካፈሏት ሰዎች አሉ፣ ክፋት የለባቸውም፣ ማንም አልነገራቸውም። ከቀባሽ አሁኑኑ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ሐኪምሽ ደምና ሽንቷን ይመረምራል፣ ግፊቷን ይለካል። እዚያ ምንም ካልተገኘ ፊታችንን ወደ አንጎል እናዞራለን፦ ኢንፌክሽን፣ የቆየ የጭንቅላት ጉዳት፣ በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ ዕጢ። ኤምአርአይ፣ ማለትም የአንጎልን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ምርመራ፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ንጹህ ሆኖ ድመቷ እንደ ሻሼ ወጣት ከሆነች፣ ያኔ ነው «ምክንያቱ ያልታወቀ የሚጥል በሽታ» የምንለው። ስሙ ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ የሚሰጥ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሲጥላት የአንቺ ሥራ ማስቆም አይደለም፣ ማስቆምም አትችይም። የአንቺ ሥራ ሰዓት ማየት ነው። እውነቴን ነው፣ ዓይንሽን ከድመቷ ነቅለሽ ሰዓቱን እዪ፣ ምክንያቱም እዚያ ወለል ላይ ተንበርክከሽ አንዷ ደቂቃ ዓመት ነው የምትሆንብሽ፤ ባለቤቶች «ግማሽ ሰዓት ቆየባት» ብለውኝ ቪዲዮው ሲታይ 80 ሰከንድ ሆኖ ያውቃል። አብዛኛው ከ2 እና ከ3 ደቂቃ አያልፍም። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከደጋገማት፣ ወይም በመሃል ሳትነቃ ሌላ ከተከተለ፣ ያለሽበትን ጥለሽ ወደ ሕክምና ነው። ሰውነቷ በጣም ይግላል፣ አንጎሏም ይጎዳል።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ስልክሽን አውጪና ቅረጪ፤ ፊቷም እግሯም ይታይ። ደረጃ ወይም አልጋ ጫፍ ላይ ካልሆነች አታንሻት። ቁም ሣጥኑን እንዳትገጭ ግን መሃል ላይ ትራስ አስገቢ። መብራት ቀንሺ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፊ። አትያዣት፣ ውሃ አትርጪባት።

ግድግዳ መግጨቷና እንደ ጉድ መብላቷ አያስደንግጥሽ። ከለቀቃት በኋላ ለደቂቃዎች አንዳንዴም ለሰዓታት ዓይኗ ላያይ ይችላል፣ ትደነባበራለች፣ ይርባታል፣ አንቺንም ላትለይሽ ትችላለች። ቀጥ ብላ እስክትሄድ ምግብና ውሃ ይቆይ።

አንድ ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ ከዚያ በፊት ምን ስታደርግ ነበር። ደብተሩ ላይ ትንንሾቹም ይግቡ። ድመት ሁሌ እንደዚያ ሌሊት አትወድቅም። አንዳንዴ የፊቷ አንድ ጎን ብቻ ይርገበገባል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ወይም ተቀምጣ ሳለ ማንም ሳይነካት እንደ እብድ ትሮጣለች። ብዙ ሰው ይህንን «ጸባይዋ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ በሁለት ሳምንት ሁለቴ ከጣላት እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ሦስተኛውን ሳልጠብቅ ጉዳዩን ከሐኪሙ ጋር አነሳ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው፣ በየ12 ሰዓቱ። መጀመሪያ ላይ ትተኛለች፣ እግሯ ይወላገዳል፣ ሆዷ አይጠግብም፤ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ በደሟ ውስጥ ያለው መጠን ይለካል። ተሻላት ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪው፣ በድንገት ማቆም ራሱ ይጥላታል። የሰው መድኃኒት ደግሞ ከመሳቢያ አውጥተሽ አትስጫት። በአፍ የሚሰጥ ዲያዜፓም በአንዳንድ ድመቶች ላይ በቀናት ውስጥ ጉበት ጨርሷል። ለውሾች የሚታዘዘው ፖታሲየም ብሮማይድም የድመትን ሳንባ ያቆጣል። ሙሉ በሙሉ ይቆማል ብዬ አልዋሽሽም። የምንፈልገው እንዲራራቅና እንዲያጥር ነው።

ሥራ ስትውይ ከፍ ያለ መደርደሪያ የሌለበት ክፍል ውስጥ ተዪያት፣ ውሃዋ ዝርግ ሳህን ውስጥ ይሁን፣ ባልዲ ክፍት አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የኔ ድመት 16 ዓመቱ ነው። ፎይል ስንኮራምት ወይም ማንኪያ ሳህን ሲነካ ዘሎ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይወድቅና ይንፈራገጣል። ቤተሰቡ ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን አላሳቀኝም።

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ አያስቅም። ይህ በድምፅ የሚቀሰቀስ መጣል ነው፣ በአብዛኛው በሸመገሉ ድመቶች ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በ96 ድመቶች ላይ የታተመ ጥናት እነዚሁኑ ድምፆች መዝግቧል፦ ፎይል፣ ማንኪያ ከሳህን ጋር፣ ብርጭቆ ሲነካ፣ የቁልፍና የሳንቲም ኳኳታ። የሚገርመው፣ ግማሽ ያህሉ ጆሯቸው የደከመ ነበር። ድምፁን መቀነስ ግማሽ መድኃኒት ነው፤ ፎይሉን በር ዘግታችሁ ተጠቀሙ፣ የሱን ሳህን በፕላስቲክ ቀይሩ። ለዚህ ዓይነቱ ከፌኖባርቢታል ይልቅ ሌቬቲራሴታም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሽሮፕም አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ስለሚሰጥ ሰዓት አክባሪ ያደርጋችኋል። በዚህ ዕድሜ ኩላሊት፣ ታይሮይድና ግፊትም ይታይ።

ጥያቄ፦ የሚጥል በሽታ ክኒን ታዞላት አትውጥልኝም፣ ሶፋ ሥር ሦስት አገኘሁ።

መልስ፦ ሦስት ብቻ? ክኒኑን ምላሷ ሥር ሳይሆን ወደ ጉሮሮዋ ጠጋ አድርገሽ አስቀምጪ፣ አፏን ዝጊ፣ አንገቷን ከላይ ወደ ታች አሻሺ። ከዚያ በስሪንጅ ትንሽ ውሃ በጉንጯ በኩል አስከትዪ፣ ደረቅ ክኒን የድመት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። ይህም ካልሠራ ሐኪምሽን በፈሳሽ እንዲቀይርልሽ ጠይቂ። አንድ ጊዜ ካመለጠሽ ሁለቱን አንድ ላይ አትስጪ፤ ለሐኪምሽ ደውዪ። ሶፋ ሥር ያሉትንም ልጆች ሳያገኟቸው አንሺያቸው።